ጅማ ላይ በትንሽ ብር የስኬትቦርድ ሜዳ፤ ከምን እንጀምር?

ጥያቄ (የቦሳው ልጅ)
ሰላም ለሁላችሁ። ዐሥራ ስድስት ልጆች ነን፣ ቦርዱ (ባለ ጎማ መንሸራተቻ ሰሌዳው) ግን አምስት ብቻ ስለሆነ በተራ ነው የምንነዳው። አስፋልቱን ባጃጅ ሞልቶታል፤ የሰፈራችን መንገድ ደግሞ ኮብልስቶን ነው፣ እንኳን ቦርዱ የሰው ጥርስ ይረግፋል። አሁን ቀበሌው 12 በ20 ሜትር ባዶ ቦታ “ተጠቀሙበት” ብሎናል። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፣ ክረምት ውሃ ይተኛበታል። በመዋጮ ትንሽ ብር ይዘናል። አንድ አናጢ በእንጨትና በኮምፔርሳቶ ራምፕ (ቦርዱ የሚወጣበትና የሚወርድበት ተዳፋት) እሠራላችኋለሁ ብሏል። ይሻላል ወይስ ሲሚንቶ?

መልስ (ፎርማን ነኝ)
ወንድሜ፣ ራምፑን ለጊዜው እርሳው፤ መጀመሪያ ወለል ነው። እስቲ ሒሳቡን እንምታው። 240 ካሬውን 10 ሳንቲም ውፍረት ብትሞላው 24 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። ለሲ-25 (የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ ነው) በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ብንይዝ 86 ኩንታል ይጠጣል። አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ፌሮውና የእጅ ዋጋው ገና አልተነካም። 8 በ15 ካደረጋችሁት ወደ 43 ኩንታል ይወርዳል፣ ለጀማሪም በቂ ነው።

ጥቁር አፈር ግን አይታመንም። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ወለሉንም ይዞት ይሰነጠቃል። ተቆፍሮ ይውጣና በሰለክት (ለሙሌት በተመረጠ አፈር) ተሞልቶ በደንብ ይጠቅጠቅ። ወለሉ በየሜትሩ 1 ሳንቲም ወደ ቦይ ያዘቅዝቅ፣ በየ3 ሜትሩ መገጣጠሚያ ይኑረው። ሊሾ በኋላ ለብቻው አታልብሱት፣ ይላጣል፤ ኮንክሪቱ ራሱ ሳይደርቅ በብረት መለሰኛ ይለሰን። ከዚያ ጆንያ አልብሳችሁ 7 ቀን ውሃ አጠጡት። በኅዳርና በየካቲት መካከል ሥሩት፤ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ።

መልስ (ከአዲስ አበባ)
ኮንክሪት ከማፍሰሳችሁ በፊት የተተወ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ፈልጉ! እዚህ በ2008 ዓ.ም. በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የኮንክሪት ፓርክ ተሠርቶልናል፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የመጀመሪያ ወራቴን ያሳለፍኩት ጠፍጣፋው ላይ ነው። ጎማም ለዩ፤ ለስላሳ ወለል ላይ 99ኤ ጠንካራው ይሄዳል፣ ለሻካራ መንገድ 78ኤ ለስላሳው፤ ቁጥሩ የጎማው ጥንካሬ ነው። ዝናብ ላይ አትንዱ፣ ኩሽኔታው ይዝጋል። ደግሞ ለሴቶች የተለየ ሰዓት መድቡ፤ እኔ ወንዶች ቆመው እያዩኝ ቢሆን አልጀምርም ነበር።

መልስ (ብየዳ ቤት፣ ጅማ መርካቶ)
ጅማ ውስጥ ኮምፔርሳቶ ደጅ አድሮ ሁለት ክረምት አያልፍም። ይልቅ ተንቀሳቃሽ ነገር ሥሩ። ቁመቱ 30 ሳንቲም የሆነ ሣጥን፣ ጠርዙ 40 በ40 ሚሊ አንግል ብረት፤ ቦርዱ የሚንሸራተተው እዚያ ላይ ነው። ራምፕ ከፈለጋችሁ ቁመቱ ከ90 ሳንቲም አይብለጥ። 2 ሜትር ሲባጎ ጫፍ ላይ እርሳስ አስራችሁ ቅስቱን ሣሉ፣ መሬት ላይ 1 ሜትር ከ67 ይወስዳል። የራምፑ የታች ጫፍ ላይ ላሜራ (ስስ የብረት ቆርቆሮ) ወለሉ ላይ ይተኛ፣ ካልሆነ ጎማው ይያዝና ልጁ በግንባሩ ይሄዳል። ብየዳውን በነፃ እሠራላችኋለሁ፣ ብረቱን እናንተ።

መልስ (የኪቶዋ እናት)
ልጆቼ፣ ደብዳቤ ያዙ! እኛ በቃል ተፈቅዶልን የቮሊቦል ሜዳ ደልድለን፣ በሦስተኛው ወር ድንጋይ ተከመረበት። “ማን ፈቀደላችሁ?” ተባልን፣ የፈቀደው ሰውዬ ተዛውሯል። ማኅተም ያለበት ይሁን፣ ስንት ዓመት እንደሆነም ይጻፍ። መስጊድ አጠገብ ከሆነ በሶላት ሰዓት አቁሙ፣ ጎረቤት ከጠላችሁ ደብዳቤውም አያድናችሁም። ደግሞ ሄልሜት! የብስክሌቱም ቢሆን።

የቦሳው ልጅ
እግዜር ይስጥልን፣ እትዬ፣ ነገ ደብዳቤውን እንጠይቃለን። ዛሬ ከሰዓት አንድ ትምህርት ቤት ጓሮ ያለ አሮጌ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሄደን ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ለማየት አራት ባልዲ ደፋንበት። ሦስቱ ወደ አጥሩ ወረደ፣ አንዱ ጥግ ላይ ተኛ። መሀሉ ላይ ጣት የማይገባበት ስንጥቅ አለ። ርዕሰ መምህሩ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይሁን አሉ። ጋሼ ብየዳ፣ የአንግሉ ውፍረት ስንት ሚሊ ይሁን?

ብየዳ ቤት
4 ሚሊ። ሥንጥቁን በሲሚንቶ ሙሉና ቅዳሜ ጠዋት ኑ።