ድንቅነሽን ለልጄ በስልክ ላስረዳት እችላለሁ?

የሳባ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ የ10 ዓመት ልጄን ይዤ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ልሄድ ነው። ባለፈው ሌላ ቦታ ወስጃት መስታወቱ ፊት ቆም እንኳ ሳትል «እማዬ፣ ድንጋይ ብቻ እኮ ነው» ብላ ስልኬን ተቀብላ ጌም ውስጥ ገባች። አንጀቴ አረረ። ያንኑ ስልክ ለቁም ነገር የተጠቀመበት አለ?

መምህሩ፦ እህቴ፣ አለ። ኢሉሲ የሚባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ አለ፤ የድንቅነሽን አጥንት ከሰውና ከቺምፓንዚ ጋር ያነጻጽራል። እኔ ተማሪዎቼን የማሳያቸው ጉልበቷን ነው። የጭኗ አጥንት ወደ ጉልበቱ ሲወርድ እንደኛው ወደ ውስጥ ዘመም ይላል፤ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግሯ መሄዷ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሳባን መጀመሪያ የራሷን ጉልበት አስነኪያት፣ ከዚያ ስልኩን፣ ከዚያ መስታወቱን። ቅደም ተከተሉን አደራ!

ኪያ፦ ገጹን ቤት ሆነሽ ስክሪንሹት አድርጊው፣ እዚያ ኔትወርክ አትመኚ። ደግሞ ቆማ የምትታየው ቅጂ አጠገብ ፎቶ አንሻት፤ ድንቅነሽ ከ1 ሜትር ብዙም አትበልጥም፣ ልጅሽ ትበልጣታለች። ብቻ ፍላሽ አጥፊ፣ ጥበቃዎቹንም አስቀድመሽ ጠይቂ።

የሳባ እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ! አሁኑኑ ጉልበቷን እየደባበሰች «የኔም ዘመም ይላል» እያለችኝ ነው። ሰላም የተባለችውንስ፣ ዲኪካ የተገኘችውን የሕፃን ቅሪተ አካል፣ በምን ላስረዳት?