ከድሬዳዋ ተነስቶ አዋሽ ላይ ዓሣ ለማጥመድ የትኛው ወር፣ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ከከዚራ (ጠያቂ)

እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር መንጠቆ ይዞ ወንዝ ዳር መዋል ለምዶብናል። ከተማችን ዓሣ የሚጠመድበት ወንዝ እንደሌላት ታውቃላችሁ፤ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ሆኖ ከርሞ ውኃ የሚያየው ጎርፍ ሲወርድ ብቻ ስለሆነ፣ እኛ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን አዋሽ ሰባት አካባቢ እንወርዳለን። መንገዱም ሩቅ፣ ወጪውም የሚናቅ አይደለምና በዓመት ከአራት ወይም ከአምስት ጊዜ በላይ አይሞከርም፤ ቀኑን አሳስቶ መምረጥ ያስቆጫል።

ባለፈው ነሐሴ ድሬዳዋ ላይ ሳምንት ሙሉ ዝናብ ጠፍቶ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለነበር፣ ወንዙም ጠርቶ ይጠብቀናል ብለን ሌሊት ተነሳን። ስንደርስ ያገኘነው ግን አተላ የመሰለ፣ ግንድና ቅርንጫፍ እየገፋ የሚወርድ ውኃ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ቆመን ክራችን አንድ ጊዜ እንኳን ሳይነካ፣ ሦስት መንጠቆና የጓደኛዬን አንድ እግር ጫማ ለወንዙ ገብረን ተመለስን። በጥር ደግሞ ብዙም ሳናስብበት ሄደን፣ ገና ሳይረፍድ ሰባት ቆሮሶ አወጣን። የመጥመጃችን ዕቃ ያው ነው፤ ቦታውም ያው ነው። የወሩ፣ የሰዓቱና የውኃው ሁኔታ ልዩነት እንዴት እንደሚሠራ በልምድ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የወረር ተመላሽ

ወንድሜ፣ በሥራ ምክንያት መልካ ወረር አካባቢ ብዙ ዓመት ኖሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ በድሬ ልማድ «አንተ» ብልህ አትቀየመኝ። ነሐሴ ላይ ያየኸው የድሬዳዋን ሰማይ ነው፤ አዋሽ የሚሞላው ግን በጊንጪ ሰማይ ነው። ወንዙ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነስቶ፣ በ1952 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የቆቃ ግድብ በኩል አልፎ፣ ከአርሲ ከፍታ የሚወርዱትን ገባሮች ጨምሮ ነው አንተ ዘንድ የሚደርሰው። ከአዋሽ ሰባት በታች ደግሞ ከሸዋ ደጋ የሚወርዱት ከሰምና ከበና ይቀላቀሉታል። ስለዚህ ቆላው ላይ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ደጋ የዘነበው ዝናብ አፈሩን ተሸክሞ በፊትህ ያልፋል። እኔ ለመሄድ ሳስብ የማየው የመካከለኛውን ሸዋንና የአርሲን የአየር ትንበያ ነው፤ የድሬዳዋውን ለራሴ ባርኔጣ ብቻ ነው የምጠቀምበት።

ወሩን በተመለከተ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን ጊዜ ለወንዙ ተውለት። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጥለው የበልግ ዝናብም፣ እንደ ክረምቱ ባይበረታም ውኃውን ለጥቂት ቀናት ያደፈርሰዋል። የተሻለው ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ሲሆን፣ እኔን ከጠየቅኸኝ ከሁሉም ኅዳርን እመርጣለሁ፤ ውኃው ጠርቷል፣ እየቀነሰም ነው፣ ብርዱም ገና አልጠነከረም።

«እየቀነሰ» ያልኩት ነገር ብዙ ሰው የሚዘነጋው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ወንዝ ሲሞላ ዓሣው ወደ ዳር ወጥቶ ጎርፍ በሸፈነው ሣርና ቁጥቋጦ መካከል ይበተናል፤ እዚያ ነፍሳቱም፣ ትሉም፣ ዘሩም ሞልቶለት ስለሚበላ አንተ የምትወረውርለትን አይፈልግም፣ አንተም አታገኘውም። ውኃው መሸሽ ሲጀምር ግን ሁሉም ወደ ዋናው ወንዝ ይመለሳል፤ መግቢያው ላይ፣ ረጋ ያለው ውኃና የሚወርደው ውኃ በሚገናኙበት መሥመር ላይ ተሰብስቦ ይቆማል። የውኃውን አካሄድ ለማወቅ፣ እንደደረስኩ ዳር ላይ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ተክዬ ውኃው የነካበትን ቦታ በቢላዋ እቆርጣለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁርጡ ከውኃው በላይ ከታየ ደስ ብሎኝ እቀመጣለሁ፤ ከተዋጠ ግን ዕቃዬን ወደ ከፍታ አወጣለሁ። ከላይ ግድብ ስላለ ዝናብ በሌለበት ወርም ቢሆን መጠኑ ሊለወጥ ይችላልና ይህችን ነገር በበጋም አልተዋትም።

ጥራቱን ደግሞ በዚያው ዘንግ ጫፍ ነጭ ጨርቅ አስሬ ወደ ውኃው በማስገባት እለካለሁ። ጨርቁ አንድ ስንዝር እንኳን ሳይወርድ ከጠፋብኝ ቆሮሶን እረሳዋለሁ፤ ቆሮሶ ምግቡን በዓይኑ የሚፈልግ ዓሣ ነውና በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ የተሰቀለለትን ትል አያይም። አምባዛ ግን በአፉ ዙሪያ ባሉት ስምንት ጢሞቹና በሽታ ስለሚመራ ድፍርስ ውኃ አያስቸግረውም፤ በነሐሴው ጉዞህ ጉበት ወይም የዶሮ ሆድ ዕቃ ብትጠቀም ኖሮ፣ ዳር ዳሩን አንድ ሁለት ማግኘትህ አይቀርም ነበር። ጨርቁ እስከ አንድ ክንድ ድረስ ከታየ ደግሞ ለቆሮሶ ሊጥ ወይም የምድር ትል፣ ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ። ውኃው ከዚህም በላይ ከጠራ ጥላህ ውኃው ላይ እንዳይወድቅ ተጠንቅቀህ ቁጭ ብለህ ጣል፤ አንተ ካየኸው እሱም አይቶሃል።

ስለ ሰዓቱ፣ ለቆሮሶ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት፣ ከዚያም ከአሥር ሰዓት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ጥሩ ነው። ቆሮሶ የሞቀ ውኃ ዓሣ ስለሆነ በታኅሣሥና በጥር ብርድ ገና ሳይነጋ ሄዶ መንቀጥቀጥ ትርፉ ለጉንፋን ነው፤ ፀሐዩ ውኃውን ትንሽ እስኪነካው ጠብቅ። በግንቦት ሙቀት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ በረጋው ኩሬ ውስጥ ያለው አረንጓዴ አልጌም ሌሊቱን ኦክስጅኑን ሲጠቀምበት ያድራል፤ ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ዓሣው አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ አየር ሲጎርስ ታየዋለህ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ያለ ዓሣ አይበላም። ኩሬውን ትተህ ውኃው ከድንጋይ ላይ እየተንደረደረ አረፋ ወደሚያወጣበት ቦታ ሂድ።

የሸዋ በር ልጅ

የሐረር ልጅ ነኝ፤ የቀደመው ጸሐፊ ስለ አዋሽ የተናገረው በቂ ስለሆነ እኔ በቅርባችን ስላለው ስለ ኤረር ወንዝ ልጨምር። (ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በባቡሩ መሥመር ካለችው ኤረር ከተማ ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ እኔ የምለው ከሐረር በስተ ምሥራቅ ወደ ባቢሌ ስንሄድ የምንሻገረውን፣ ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚወርደውን ነው።) እንዲህ ባለ ትንሽ ወንዝ ላይ የወሩ ምርጫ ጠባብ ነው። በክረምት ጎርፍ ነው፤ በበጋው መጨረሻ ደግሞ ውኃው እየቀጠነ ዓሣው በየጉድጓዱ ተነጣጥሎ ይቀራል። በጉድጓድ የታጎረን ዓሣ ማውጣት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለሚቀጥለው ዓመት ዘር የሚሆነው እሱ ስለሆነ እኔ አልነካውም። የሚቀረው ጥቅምትና ኅዳር ነው።

ከዓሣው በላይ ግን የማሳስበው ስለ ደራሽ ውኃ ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋን የመታት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ውኃው የመጣው ከላይ ከደጋው ነበር፤ ብዙዎቹ በተኙበት ነው የደረሰባቸው። ደረቅ አሸዋ ላይ ድንኳን መትከል፣ መኪና ማቆም፣ ልጅ ማስተኛት በየትኛውም ወር መደረግ የለበትም። ውኃው ድንገት መልኩን ከለወጠ፣ ቅጠልና ፍግ ተሸክሞ መውረድ ከጀመረ፣ ወይም ከላይ እንደ ጭነት መኪና ያለ ድምፅ ከተሰማ መንጠቆውን ለመፍታት እንኳን አትቆሙ፤ ክሩን ቆርጣችሁ ውጡ።

የጣቢያው አዛውንት

ልጆቼ፣ በምድር ባቡር ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። አዋሽ ጣቢያ ተመድቤ በነበርኩበት ዘመን ከሥራ መልስ መዝናኛዬ ወንዙ ነበር። የጻፋችሁት ልክ ነው፤ ሁለት ሦስት ነገር ግን ላርም።

አንደኛ፣ አዋሽ ሰባት ላይ ወንዙ በጥልቅ ገደል ውስጥ ስለሚሄድ ፀሐይ ውኃው ላይ የሚያርፈው ዘግይቶ ነው። ሜዳው ላይ ባለው ወረር አንድ ሰዓት ላይ የሚሆነው ነገር፣ ገደሉ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይሆናል። ከዚራ ያለኸው ልጄ፣ በጥር ሰባት ቆሮሶ ያወጣህበትን ሰዓት አስታውስ፤ ከመካከላቸው አብዛኞቹን ፀሐዩ ውኃው ላይ ካረፈ በኋላ ሳታወጣቸው አልቀረህም።

ሁለተኛ፣ ስለ አምባዛ ሰዓት አልተነገረም፤ እሱ የሚበላው ማታ ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ያለውን ያህል የሚነክስበት ሰዓት የለም። ይሁን እንጂ አዋሽ ውስጥ አዞም ጉማሬም አለ። ጉማሬ ሣር ሊግጥ ከውኃ የሚወጣው በምሽት ነው፤ በእሱና በውኃው መካከል ከቆማችሁ ሸሽቶ ሳይሆን ረግጧችሁ ነው የሚመለሰው። ቦታውን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ከሌለ ማታ አትቅሩ። የያዛችሁትንም ዓሣ ውኃው ዳር ቁጭ ብላችሁ አትገንጥሉ፤ ደሙና ሆድ ዕቃው አዞን ይጠራል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ዓሣው ወደ ጥላና ወደ ጥልቁ ስለሚገባ የደከመው ሰው እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል፤ የብልሃርዝያ ትል ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውኃው የሚሰራጨው በተለይ በዚሁ በጠራራው ሰዓት ነውና ይህም ይቅርባችሁ።

ሦስተኛው ቅሬታ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዓሣ ስለሚወደድ፣ መንጠቆ ይዞ መቀመጥ የማይችል ሁሉ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ የሚበትንም አይቻለሁ። ብርብራው ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ያንሳፍፈዋል። እንዲህ የተደረገበትን ኩሬ በሚቀጥለው ኅዳር ብትመጡበት ሰዓት መምረጡም ጨርቅ ማጥለቁም አይረዳችሁም።

ስለ ጨረቃም ልጨምር። ሙሉ ጨረቃ በሆነበት ሰሞን አምባዛ ከጥልቁ አይወጣም፤ ጨለማ ሌሊት ይሻላል።

የወረር ተመላሽ

ጋሼ፣ ስለ ገደሉ ፀሐይ የተናገሩትን ተቀብያለሁ፤ እኔ ሜዳውን ብቻ ነው የማውቀው። በጨረቃው ግን አልስማማም። ወረር ሳለሁ ትልቁን አምባዛ፣ ከክንዴ የሚረዝመውን፣ ያወጣሁት ጨረቃዋ ሰፌድ በምታህልበት ሌሊት ነው፤ ውኃው ድፍርስ ስለነበር ብርሃኑ ወደ ውስጥ የዘለቀ አይመስለኝም። ምናልባት እርስዎ ያዩት ውኃው ጥርት ባለበት በበጋ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ለቆሮሶ ስትጠብቁ አፏ ተነፍቶ፣ መንጠቆ አጠገቧ ቢወርድም ዞር የማትል ሴት ዓሣ ታጋጥማችሁ ይሆናል፤ ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ የያዘች ናት። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲሁ ትቆያለች፤ በዚያ ጊዜ ስለማትበላ ቦታ ቀይሩ እንጂ ማባበያ አትቀይሩ።

ጋሼ የጣቢያው

ልጄ፣ ስሜን «አዛውንቱ» ከማለት ወደ «ጋሼ» ስላወረድክልኝ በቋሚነት ቀይሬዋለሁ። የጨረቃውን ነገር አልተውም፤ ኅዳር ላይ አብረን ወርደን እንይ።

ከከዚራ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ትዝ ሲለኝ ልክ ብለዋል፤ በጥሩ ጉዟችን፣ መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ምንም ሳይነካልን ቆይተን፣ ከሰባቱ አምስቱን የያዝነው ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዕድል መስሎን ነበር። ለኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ተነጋግረናል፤ ከመውጣታችን በፊት ባሉት አራት ቀናት የአርሲንና የሸዋን ዝናብ እከታተላለሁ። ማረፊያችንንም በአካባቢው ሰው በኩል አስፈቅደን፣ ከብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውጭ እናደርገዋለን።

አንድ ትንሽ ጥያቄ ቀረችኝ፤ ጉበት ከመንጠቆ ላይ ቶሎ እየተላቀቀ ያስቸግረናል። ስንወረውር ጉበቱ ወደ አንድ በኩል፣ መንጠቆው ወደ ሌላ በኩል ይሄዳል። ምን ታደርጋላችሁ?

የወረር ተመላሽ

ከዋዜማው ጀምረህ በአውራ ጣት ልክ ቆራርጠህ፣ ጨው ነስንሰህ፣ ወንፊት ላይ አድርገህ ጥላ ውስጥ አሳድረው። ጠዋት ላይ ቆዳው ጠንከር ይልልሃል፣ ሽታው ግን አይጠፋም። መንጠቆውን ሁለት ጊዜ አሳልፍበትና በልብስ መስፊያ ክር ሦስት ጊዜ ጠምጥመህ እሰረው። ስትወረውርም እንደ ድንጋይ አታስፈንጥረው፤ ከታች ወደ ላይ በቀስታ ልቀቀው።