ከሰላጣ ሌላ ለሰላጣ የሚሆን ቅጠል ምን አለ?

የኮምቦልቻዋ፦

ሰላም ናችሁ ወሎዬዎች። አንድ ነገር ላማክራችሁ። እኛ ቤት ማታ ማታ ሰላጣ አይጠፋም። ሁዳዴና ረመዳን ሲገጥሙ ደግሞ ይብሳል፤ እኔ አፈጥራለሁ፣ ጎረቤቴ ጾሟን ይዛለች፣ ማዕዳችን አንድ ነው፣ እና ሁለታችንንም የሚያስማማ ሥጋም ቅቤም የሌለበት ነገር ስንፈልግ ዞረን ዞረን ሰላጣ ላይ ነው የምንወድቀው።

ችግሬ ቅጠሉ ነው። ባለፈው ከጉልት ሁለት እስር ሰላጣ ገዛሁ። ሲያዩት ያምራል። ውሃ ተረጭቶበት ያብረቀርቃል። ቤት ገብቼ ስፈታው መሃሉ ላይ አውራ ጣት የሚያክል ግንድ አለው፣ ስቆርጠው ወተት የመሰለ ነገር ጠብ ጠብ ይላል። ሎሚ ጨመርኩ፣ ዘይት አበዛሁ፣ ምሬቱ ወይ ፍንክች። ያውም እንግዳ ፊት!

እና የማይመረውን ሰላጣ እንዴት ነው የምለየው? ደግሞስ ሁልጊዜ ሰላጣ በቲማቲም ብቻ ነው እንዴ? ዩቲዩብ ላይ የሚቆርጡት ቅጠል ስሙን እንኳ አላውቀውም፤ እዚህ ጉልት ላይ ብጠይቅ ይስቁብኛል። ቆስጣና ጎመን ግን ደጃችን ሞልቷል። ጥሬውን ይበላል? ባሌን ብጠይቀው «ጥሬ ጎመን የፍየል ነው» ብሎኝ ቁጭ አለ።

ሐይቅ ዳር፦

ሃሃሃ ባልሽ አልተሳሳተም። ለእኔ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ አለቀ። ቅጠል ከበግ ጋር አልሻማም። ግን ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ የሚያውቁት ይምጡ።

የገራዶ አትክልተኛ፦

አብሽሪ እህቴ፣ ሎሚሽም ዘይትሽም ጥፋት የለባቸውም። የገዛሽው ሰላጣ አርጅቶ ነው። ሰላጣ ሙቀት ሲበዛበትና ቀኑ ሲያልፍ ቅጠል መስጠቱን ትቶ ወደ ዘር ይሮጣል። መሃሉ ይረዝማል፣ ግንድ ያወጣል፣ ያ ወተት ይበዛል፣ ምሬቱ የሚመጣው ከሱ ነው። እዚያ ከደረሰ በኋላ ብታጥቢው ብትዘፈዝፊው አይመለስም፤ ለዶሮ ነው።

አንቺ ያለሽበት አገር ደግሞ ያስቸኩለዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር ብዙም አትርቅም። ሐረጎን ስትወርጂ ጃኬትሽን የምታወልቂው ለዚህ አይደል? 3 ወይ 4 ዲግሪ ለእኛ ትንሽ ናት፣ ለሰላጣ ግን ብዙ ናት። ስለዚህ በበጋና በሚያዝያ ግንቦት ሙቀት ከደጋ የወረደውን ፈልጊ። «የደሴ ነው ወይስ የዚሁ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ሻጮቹ ያውቁታል። በክረምትና ጥቅምት ኅዳር ላይ የዚሁም ጥሩ ነው።

ስትገዪ እስሩን ገልብጪው። ከላይ የሚታየውን እኛም አሳምረን ነው የምናስረው፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። ቂጡን እዪ። የተቆረጠበት ቦታ ነጭ ወይ ፈዘዝ ያለ ከሆነ ዛሬ ወይ ትናንት ማታ የተቆረጠ ነው። ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ሰንብቷል። ከዚያ አንድ ቅጠል እጠፊ፤ ቀሽ ብሎ ከተሰበረ ውሰጂ፣ እንደ ጨርቅ ከታጠፈልሽ ተዪው። ትልቅ ነው ብለሽ አትጓጊ፣ ለጋው ነው የሚጣፍጠው። ጠዋት ሳይሞቅ ግዢ። እኛ ጎህ ሳይቀድ ነው የምንቆርጠው፣ እስከ 7 ሰዓት ፀሐይ ላይ የዋለውን ነው ከሰዓት ውሃ እየረጩ የሚሸጡልሽ።

ስለ ውሃ ካነሳን ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፦ በምን ውሃ ነው የለማው? ቦርከና ደሴን አቋርጦ ነው ወደ እናንተ የሚወርደው፣ የከተማው ፍሳሽ ከነጓዙ አብሮት ይወርዳል። በዚያ ውሃ የለማ ለወጥ ከሆነ እሺ፣ እሳት ያየዋል። ጥሬውን ለሚበላ ግን እኔ አልገዛም። የምንጭ ወይ የጉድጓድ ውሃ ከሚጠቀም ገበሬ ደንበኛ ያዢ። አንድ ሰው ይበቃሻል።

የኮምቦልቻዋ፦

ወላሂ እስሩን ገልብጬ አይቼ አላውቅም። ዘይገርም ነው። የጎመኑንስ ነገር?

የቆስጣ ወዳጅ፦

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ቆስጣ ጥሬውን ይበላል፣ ግን መዳፍ የማይሞላው ለጋ ቅጠል ብቻ። ትልቁን ከበላሽው ጥርስሽ ላይ የሚያፍን ነገር ይቀርብሻል፣ ኖራ የነካሽ ነው የሚመስለው። እሱ ኦክሳሌት የሚባለው ነው። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ቤትሽ ካለ ቆስጣውን ቀንሺለት። ትልቁን ቅጠል ለወጥ አስቀሪው።

አንድ ሚስጥር ልንገርሽ፣ የቀይ ሥር ቅጠል። ቀይ ሥርና ቆስጣ እኮ አንድ ተክል ናቸው፣ አንዱን ለሥሩ አንዱን ለቅጠሉ ብለው ሰዎች ስላራቧቸው ነው የተለያዩት። ጉልት ላይ ቅጠሉን ቆርጠው ይጥሉታል። «ከነቅጠሉ ስጪኝ» በያት፣ ገንዘብ አትጨምርብሽም። ለጋዎቹን መርጠሽ ቀጭን አድርገሽ ክተፊ፣ ከሰላጣው ጋር ቀላቅይ፣ ደም ሥር መስሎ ቀይ ቀይ ይላል፣ ሳህኑ ራሱ ያምራል።

ጥቅል ጎመንም አትርሺ። ርካሽ ነው፣ ሳምንት ይቆያል። በቢላ ሳይሆን በካሮት መፋቂያው ሰፊ ጎን ፋቂው፣ ጨው ነስንሺበት፣ ሩብ ሰዓት ተዪው፣ ጭመቂው። በእጅሽ መሃል ይለሰልሳል። ሎሚ፣ ካሮት፣ አንድ ቃሪያ። በቃ።

ደሴ ሰኞ ገበያ፦

አያቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነው፣ ያነበብኩላቸውን ሰምተው የሚሉትን ልጻፍ።

«ጎመን ጥሬውን አይበላም ያለሽ ማነው?» አሉ። ልጅ ሆነው ከጓሮ ለጋውን ቀንጥበው በድልህ ይበሉ ነበር። የአበሻ ጎመን ከሰናፍጭ ጋር ዘመድ ነው ይላሉ፣ ዘሩን አፍ ላይ ስታደርጊው ያቃጥላል፣ ምጣድ የምናስስበት ጎመን ዘር እሱ አይደል። (ይሄን ሰምቼ ጎግል አደረግኩ፣ እውነታቸውን ነው። የአበሻ ጎመን ከጥንት ጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅለው የመጣ ነው። አያቴ ጎግል አያስፈልጋቸውም።)

አሠራሩ፦ ከመሃል ያለውን ለጋ ብቻ ልቀሚ። የመሃሉን ወፍራም ጅማት ላጪ። ጠቅልለሽ እንደ ክር አቅጥነሽ ክተፊው፣ እሳቸው «እንደ ጤፍ» ይላሉ ግን እሱ ይከብዳል። ከዚያ ጨውና የአንድ ሎሚ ጭማቂ አድርጊበትና በሁለት እጅሽ እሺው። እሺው ስል እሺው ነው፣ ሊጥ እንደምታሺ። መጀመሪያ ሳፋ ሙሉ የነበረው ግማሽ ይሆናል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ያ የሚያንቅ ነገሩ ይለቃል። 10 ደቂቃ ይቀመጥ። ከዚያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት ትንሽ፣ የተቆላ ሰሊጥ ከላይ። አያቴ በሶብላም ለጋ ቀንጥበው ይጨምራሉ፣ እኔ ሳሙና ሳሙና ይለኛል፣ በዚህ ብዙ ጊዜ ተጣልተናል።

ለባልሽም መልስ አላቸው፦ «ፍየል መርጣ ነው የምትበላው በይው»።

ነርሷ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሁሉም ጥሩ ጽፋችኋል፣ ስለ እጥበት ግን ማንም አልነካካም፣ እኔን ደግሞ ሥራ ቦታዬ የሚያስቸግረኝ እሱ ነው።

ብዙ ሰው አቼቶ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ 5 ደቂቃ ዘፍዝፎ አበቃ ይላል። አቼቶ አንዳንድ ጀርም ይቀንስ ይሆናል። የወስፋት እንቁላል ግን አቼቶም በረኪናም አይገድለውም፣ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ በዚያ ላይ ሙጭጭ ብሎ ይጣበቃል። እሱን የሚያስለቅቀው በጣት ማሸትና የሚወርድ ውሃ ነው። ስለዚህ እስሩን በጅምላ ሳፋ ውስጥ አትንከሪው። ቅጠል በቅጠል ለያዪ፣ ሥሩ አካባቢ ያለውን አፈር በአውራ ጣትሽ እሺ፣ ከቧንቧ ወይ ከጆግ በሚወርድ ውሃ አጥቢ። ታይፎይድና አሜባም በዚሁ መንገድ ነው የሚመጡት። የመጨረሻው ማለቅለቂያ የሚጠጣ ውሃ ይሁን፤ በጀሪካን የሰነበተ ከሆነ የውሃ ማከሚያ ጨምሪበት፣ ልኩን ከጠርሙሱ ላይ አንብቢ፣ በግምት አታድርጊ። በረኪና ደግሞ ጥንካሬው ይለያያል፣ ኩሽና ውስጥ በዓይን መስፈር ይቅርብሽ። ነፍሰ ጡር ካለች ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጥሬ ቅጠል ይቅርባት፣ የበሰለውን ትብላ።

ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ዘመድ ካላችሁም ንገሩት፤ ጎመንና ቆስጣ ቫይታሚን ኬ በብዛት ስላላቸው መድኃኒቱን ይቃረናሉ። ማቆም የለበትም፣ ግን ዛሬ ምንም ነገ አንድ ሳፋ አይሁን፣ ለሐኪሙም ይንገር።

ሌላው፣ ሎሚውን አትቀንሱ። ቅጠል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በደንብ የሚወስደው ቫይታሚን ሲ ሲያገኝ ነው። ዘይቱም ለጌጥ አይደለም፣ ካሮትና ቆስጣ ውስጥ ያለው ለቫይታሚን ኤ የሚሆነው ነገር ያለ ቅባት በደንብ አይገባም። ከበላችሁ በኋላ ደግሞ ቡናውን አንድ ሰዓት ብታቆዩት...

ሐይቅ ዳር፦

ነርሷ እስከ ዘይቱ ድረስ አብሬሽ ነበርኩ። ወሎ ላይ ቆመሽ ቡና አቆዩ ትያለሽ? አቦሉን ነው ቶናውን?

ነርሷ፦

ሁለቱንም ሃሃ። ቡናና ሻይ ብረቱን ይዘው ያስቀሩታል፣ ምን ላድርግ። በተለይ ደም ማነስ ያለባት ሴት ቤት ካለች አታድርቁኝ፣ አንድ ሰዓት ጠብቁ።

የገራዶ አትክልተኛ፦

ነርሷ ልክ ናት፣ እኔም ፍግ የምናደርግበት መሬት ስለሆነ የማውቀው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ስታጥቢ ከውጪ ያሉትን ሁለት ሦስት ቅጠሎች ጣይ። ከታጠበ በኋላ ደግሞ አድርቂው። ወንፊት ላይ አጠንፍፊ፣ ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርጊ፣ ጠቅልለሽ ረገብ ረገብ አድርጊው። እርጥብ ቅጠል ላይ ዘይት ስታፈሺ ዘይቱ ይንሸራተታል፣ ሳህኑ ሥር ኩሬ ይሠራል። ጨውና ሎሚም ሰው ሲቀርብ ነው፤ ቀድመሽ ካሸሽው (ከጎመን በቀር) አዛን እስኪል ይጠወልጋል።

ቦታ ካለሽ ደግሞ ራስሽ ዝሪ። 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን በጎኑ አጋድመሽ ቅደጂው። አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሙይ። የሰላጣ ዘር ብርሃን ይወዳል፣ ከላይ ነስንሺው፣ በጣም ስስ አፈር በቂው ነው። አፈሩ ከሞቀበት ዘሩ ተኝቶ ይቀራል፣ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፣ የዘራሽበትንም የከሰዓት ፀሐይ ከማይነካው ግድግዳ ሥር አድርጊ። በ50 ቀን ገደማ ደርሷል። ነቅለሽ አትጨርሺው፣ ከውጪ ከውጪ ቀንጥቢ፣ መሃሉ ይሰጥሻል።

የኮምቦልቻዋ፦

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ትናንት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያዋን ሻጭ እስሩን ስገለብጥባት «ምነው ፖሊስ ሆንሽ» አለችኝ። ሁለተኛዋ የምንጭ ውሃ ነው አለች፣ ቦታውንም ነገረችኝ፣ ቂጡ ነጭ ነው፣ ቀሽ ይላል። ከሷው ቀይ ሥር ከነቅጠሉ ወሰድኩ።

የአያታችሁን ጎመንም ሠራሁት። እጄ አረንጓዴ እስኪሆን አሸሁት። ሰሊጥ ስላልነበረኝ ኑግ ቆልቼ ወቅጬ ነሰነስኩበት፣ ጥቁር ሆነብኝ እንጂ ጣዕሙ ልዩ ነው። ለባሌ ምን እንደሆነ ሳልነግረው አቀረብኩ። ጎረቤቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። ሁለቴ ጨመረ። ከዚያ «ይሄ ቅጠል ምንድነው?» ሲል «የፍየል» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ሳህኑን ዘረጋልኝ።

በረንዳ ላይ ጀሪካኑ ተዘርቷል። ዘሩ ፍሪጅ ውስጥ አድሯል።

የገራዶ አትክልተኛ፦

ማሻአላህ። ጀሪካኑን ከሥሩ በስተሽዋል ግን? ውሃ ካቆረ ሥሩ ይበሰብሳል።

የኮምቦልቻዋ፦

ኧረ አልበሳሁትም! ሚስማር ላግል ሄድኩ።