የኤሌክትሪክ ፍተሻ ፈተና፦ በ2391-50 ልጀምር ወይስ በ2391-52 ልቀጥል?

ሰላም ወገኖች፣ እንግሊዝ አገር ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሌቭል 3 የሙያ ብቃት እና የ18ኛው እትም የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ ፈተና አለኝ። ሥራዬ ግን እስካሁን አዲስ ቤት ላይ መስመር መዘርጋት ብቻ ነው፣ አሮጌ ቤት ነክቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። የኪራይ ቤቶች ኤሌክትሪክ በሕግ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ስለሚፈተሽ ወደዚያ ሥራ መግባት በጣም እፈልጋለሁ።

የሙያ ፈተና ሰጪው ድርጅት ሲቲ ኤንድ ጊልድስ 2391 የሚባሉ የኤሌክትሪክ ፍተሻ ፈተናዎች አሉት፤ 2391-50 ለአዲስ ዝርጋታ ነው፣ 51 ለነባሩ፣ 52 ደግሞ ሁለቱን አጣምሮ የያዘ። በአንዴ ልገላገል ብዬ 52ን ወሰድኩ። መለኪያውን ይዤ የሞከርኩት ሁሉ ጥሩ ሄደ። የጣለኝ የነባሩ ክፍል ነው፣ ያየሁትን ጉድለት ሲ1 (አሁኑኑ አደገኛ) ነው ሲ2 (አደገኛ ሊሆን የሚችል) ወይስ ሲ3 (ቢሻሻል የሚመከር) ብሎ መመደቡ ላይ ተምታታብኝ። ድጋሚ ለመፈተን እንደገና መክፈል አለብኝ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ እንደኔ የአሮጌ ቤት ልምድ ለሌለው ሰው 50ን ይዞ እየሠሩ ቆይቶ 51 መውሰድ ይሻላል ወይስ 52ን ቶሎ መድገም?