የቢሮውን ዋይፋይ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ስቀይረው ስሙ ይጠፋል፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ኔትወርክ የምትችሉ እስቲ እርዱኝ። ቢሯችን ቦሌ ፎቅ ላይ ነው፣ ግራ ቀኙ ሁሉ ቢሮ ስለሆነ ስልኬ ላይ ዋይፋይ ስፈልግ ዝርዝሩ አያልቅም። አብዛኛው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች (ዋይፋዩ የሚሰራጭባቸው የሞገድ መስመሮች) 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ የትኛውንም ብመርጥ ጎረቤት ቀድሞ ይዞታል። ጠዋት ደህና ነው፣ ሰው ሲሞላ ግን የቪዲዮ ስብሰባው ይቆራረጣል። በኬብል ሲሆን ፈጣን ነው፣ ስለዚህ ችግሩ ከመስመሩ አይደለም።

አክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ) በአንድ ጊዜ የሚሠራው በአንድ ባንድ ብቻ ነው፣ ወይ በ2.4 ወይ በ5። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ 5 ላይ አድርጌ ሴቭ ስለው ጠፍቶ ይነሳል፣ መብራቱም አረንጓዴ ይሆናል፣ የዋይፋዩ ስም ግን ስልክ ላይም ላፕቶፕ ላይም የለም። ቻናሉን አውቶ ላይ ስተወው 100ን ይመርጣል። ከ52 እስከ 144 ያሉት ራዳርም የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ ማሰራጨት ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ እንዳለበት አውቃለሁ፣ ግን ሻይ ጠጥቼ ስመለስም ያው ነው። 36 ላይ ላድርገው ስል ደግሞ አልቀበልም ብሎ ወደ አውቶ ይመለሳል። አገር የሚመረጥበት ቦታ ተቆልፏል፣ ከሱ ይሆን እንዴ? እንዴትስ ይከፈታል?

ሌላው የጨነቀኝ ፕሪንተራችን ነው፣ 2.4 ብቻ ነው የሚያውቀው። ይሄንኛውን አክሰስ ፖይንት ለሱ ትቼ ሁለቱንም ባንድ አንድ ላይ የሚሠራ አዲስ ልግዛ ወይስ ፕሪንተሩን በኬብል ላገናኘው? አለቃዬ መልስ እየጠበቀ ነው፣ የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።