የሰርቨር ክፍል ኤሲ የሚያወጣው ሙቀት መዋኛ ገንዳ ያሞቃል?

ጠያቂ፦ ገስት ሃውስ

ሰላም ለሁላችሁ። መስቀል ፍላወር አካባቢ ባለ አነስተኛ ገስት ሃውስ ግቢ ውስጥ 8 በ4 ሜትር፣ በአማካይ 1.4 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ አለ። ውሃው 19 ዲግሪ ስለሆነ እንግዶች እግራቸውን ነክረው ይመለሳሉ። ምድር ቤቱን የተከራየው ድርጅት የሰርቨር ክፍል አለው፤ ባለ 24,000 ቢቲዩ ሁለት ስፕሊት ኤሲዎች ሌት ተቀን እየተፈራረቁ ይሠራሉ። አውትዶሮቹ (ውጭ የሚቀመጡት የኤሲው ክፍሎች) ከገንዳው 6 ሜትር ርቀት ላይ ሞቃት አየር ሲተፉ ነው የሚውሉት። ይህን ሙቀት ወደ ውሃው መመለስ ይቻላል? 27 ዲግሪስ ይደርሳል? ተከራዩ ተስማምቷል፤ ነገር ግን ሰርቨሩ ለደቂቃም ቢሆን ያለ ማቀዝቀዣ እንዳይቀር አጥብቆ ይፈልጋል።

ኪሎዋት

የመኝታ ቤት ኤሲ ቢሆን ኖሮ «ይተዉት» እልዎት ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ የመኝታ ቤት ኤሲ በዓመት ስንት ሰዓት ይሠራል? የሰርቨር ክፍል ግን ሌላ ነው።

ገንዳዎ 45 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። ይህን ውሃ በ1 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 52 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። የሰርቨሮቹ ጭነት 5 ኪሎዋት ነው ብንል፣ ኮምፕሬሰሩ የሚበላው 1.5 ሲጨመርበት ወደ ውጭ የሚጣለው 6.5 ይሆናል፤ በቀን 156 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ሁሉንም አይይዙትም። 70 በመቶውን ቢይዙ 110 ያገኛሉ፤ ኪሳራ ከሌለ በቀን 2 ዲግሪ ነው። ትክክለኛውን ጭነት ከሰርቨሮቹ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪው) ስክሪን ላይ ማንበብ ይችላሉ፤ በኤሲው ቢቲዩ አያስሉ።

ኪሳራው ግን ከባድ ነው። ከ32 ካሬው ላይ 1 ሚሊሜትር ውሃ በተነነ ቁጥር 32 ሊትር ይሄዳል፣ አብሮትም 22 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት፣ አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ሲሆን፣ 5 ሚሊሜትር ቢተን ኤሲው ቀኑን ሙሉ የሰጠው በሙሉ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሽፋን ይግዙ፤ ባለ አረፋው ፕላስቲክ ይበቃል። ማታ 12 ሰዓትና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር ይንከሩ፤ አንድ ሌሊት ሸፍነው፣ አንድ ሌሊት ክፍት ትተው። ልዩነቱን ካዩ በኋላ ሌላውን ወጪ ይወስናሉ።

ሰገነት

ከላይ በተባለው ላይ ልጨምር፦ ጣሪያው ነጻ ከሆነ መጀመሪያ ፀሐይን አስቡ። መስታወት የሌለው ጥቁር የፖሊኢትሊን ፓነል፣ ከገንዳው ስፋት ቢያንስ ግማሹን የሚያክል (ለእርስዎ 16 ካሬ፣ ቢቻል 25) ኤሲ ሳይነካ በበጋ ጥሩ ይሠራል። በክረምት ደመናው አይፈቅድለትም፤ ያን ጊዜ ነው የሰርቨሩ ሙቀት ዋጋ የሚያወጣው።

መዳብ ብየዳ

ወደ ሥራው ልግባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ወደ ክፍሉ የሚገቡት ሁለቱ የመዳብ ቱቦዎች ትኩስ አይደሉም። ካፒላሪው (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ቀጭን ቱቦ) አውትዶሩ ውስጥ ስለሆነ ኤሲው ሲያቀዘቅዝ ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው። ትኩሱ መስመር በኮምፕሬሰሩና በኮንደንሰሩ (ጋዙ ሙቀቱን ወደ ውጭ አየር በሚጥልበት ራዲያተር) መካከል ያለው አጭር ቱቦ ነው፤ የሚቆረጠውም እሱ ብቻ ነው። ኤሲዎቹ ኢንቨርተር (የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት በቦርድ የሚቀያይሩ) ናቸው ወይስ ተራ? ጋዙስ ምንድን ነው?

ገስት ሃውስ

አንዱ ኢንቨርተር ነው። ሌላው ተራ፣ ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችል። ሁለቱም አር 410ኤ ይላሉ።

መዳብ ብየዳ

እንግዲያው ኢንቨርተሩን አይንኩት፤ ቦርዱ የሚያነበው ሙቀትና ግፊት ሲቀየርበት ኤረር እያሳየ ይቆማል። ተራውን ብቻ ይለውጡና ዋና ሠራተኛ ያድርጉት፤ ኢንቨርተሩ ሳይነካ በተጠባባቂነት ይቀመጥ። የክፍሉ ሙቀት ከተወሰነው ካለፈ ራሱ እንዲነሳ ቴርሞስታቱን 3 ዲግሪ ከፍ አድርገው ይተዉት። የተከራዩ ስጋት በዚህ ይቃለላል።

የሚገባው ዕቃ የፒቪሲ ቅርፊት ያለው የታይታኒየም ኮይል ነው፤ ትኩሱ ጋዝ ሙቀቱን ለገንዳው ውሃ የሚሰጠው በእሱ ነው። መዳብ አይግዙ፤ ክሎሪን ይበላዋል፣ ውሃውም አረንጓዴ ይሆናል። ኮይሉ ከኮንደንሰሩ በፊት በተከታታይ ይገጠማል፤ ጋዙ ከላይ ገብቶ ከታች ይውጣ። ኮይሉ ከኮምፕሬሰሩ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ፣ ሲቆም ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰሩ እንዳይመለስ በመካከል ቼክ ቫልቭ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ያስፈልጋል። ታይታኒየም ከመዳብ ጋር በተራ ብየዳ አይያያዝም፤ ፋብሪካ የገጠመው የመዳብ ጫፍ ላይ ብቻ ይበየዳል። በብየዳው ጊዜ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ አለዚያ ቅርፊቱ ይቀልጣል። ቱቦው ውስጥም ናይትሮጂን ቀስ ብሎ ይለፍ፤ ካልሆነ የሚፈጠረው ጥቁር ቅርፊት ካፒላሪውን ይደፍናል።

ቫኪዩም (ከብየዳው በኋላ አየሩን ከቱቦው በፓምፕ መምጠጥ) ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ማኖሜትሩ (የግፊት መለኪያው) 30 ኢንች አያነብም፤ 22 ወይም 23 ላይ ይቆማል። ፓምፑ ተበላሽቷል ብለው አይለውጡ፤ በማይክሮን ጌጅ (ጥልቅ ቫኪዩም በሚለካው) 500 መድረሱን ይመልከቱ።

የአውትዶሩን ፋን በግፊት ስዊች ያዙት፦ 26 ባር ላይ ይነሳ፣ 21 ላይ ይቁም። ውሃው ሙቀቱን እየወሰደ ሳለ ፋኑ ይተኛል፤ የውሃ ፓምፑ ከቆመ ግፊቱ ይወጣና ፋኑ ራሱ ይነሳል፣ ሰርቨሩም አይሞቅም።

ውሃው 19 ዲግሪ እያለ ሌላ ችግር አለ። ኮንደንሲንጉ (ጋዙ ወደ ፈሳሽ የሚቀየርበት ሙቀት) ወደ 25 ዲግሪ ይወርዳል፣ ግፊቱም ወደ 15 ባር። ካፒላሪው በቂ ጋዝ አያሳልፍምና የውስጡ ኮይል በረዶ ይሠራል። ለዚህ በጋዝ ግፊት የሚከፈትና የሚዘጋ የውሃ ቫልቭ ይገጠም። ኮይሉንም ከልክ በላይ ትልቅ አይግዙ፤ ሙቀቱን በሙሉ ከወሰደው ኮንደንሰሩ በፈሳሽ ይሞላና ጋዝ ያነሰ ይመስላል፣ ቴክኒሻኑም ጨምሮ ያበላሸዋል። ባለ 5 ኪሎዋቱ ይበቃዎታል።

የገንዳ ሰው

የውሃው በኩል በእኔ ይሁን። ኮይሉ ከፊልተር በኋላ፣ በባይፓስ (በጎን መስመር) ይገጠም፤ ክሎሪን የሚገባበት ቦታ ደግሞ ከኮይሉ በኋላ ይሁን። በሰዓት 2 ሜትር ኩብ ይለፍበት። በዚህ ፍሰት ውሃው ሲገባና ሲወጣ ያለው ልዩነት 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ እጅ ላይ ስለማይታወቅ «አይሠራም» ተብሎ ፍሰቱ ይቀነሳል፣ ሥራው የሚበላሸውም ያኔ ነው። ትልቁን የፊልተር ፓምፕ ለዚህ ሲሉ 24 ሰዓት አያሠሩ፤ 0.75 ኪሎዋት ከሆነ በቀን 18 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አነስተኛ ሰርኩሌሽን ፓምፕ ለብቻው ያድርጉ፣ ከውሃው ወለል ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በእኛ ከፍታ ፓምፕ ከታች ውሃ ለመሳብ ይቸገራል። ሁሉም መስመር በ30 ሚሊአምፒር ሊኬጅ ብሬከርና በጥሩ ኧርዝ ይያዝ።

ፒኤች 7.2 እስከ 7.6 ይጠበቅ። ወደ ገንዳው በሚመለሰው ውሃ ውስጥ ሳያቋርጥ ጥቃቅን አረፋ ካዩ ኮይሉ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ ጋዙ አልቆ ውሃ ወደ ኮምፕሬሰሩ ከመግባቱ በፊት ኤሲውን አጥፍተው ኢንቨርተሩን ያስነሱ።

ገስት ሃውስ

በጣም አመሰግናለሁ። 27 ለመድረስ ስንት ቀን ልጠብቅ?

ኪሎዋት

ከ19 እስከ 27 ድረስ 420 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ማታ ማታ ከሸፈኑና ቀን ፀሐይ ካገኘ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን። ካልሸፈኑ በጭራሽ አይደርስም።