ከበደ በአባቱ ስም ይፈለግ?

ሰላም የሙያ ባልደረቦች። አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። ግራ ገብቶኛል። ከእኔ በፊት የነበሩት ጋሼ መጻሕፍቱን የለዩት በከለር ነው፤ ቀይ ወረቀት ልብ ወለድ፣ አረንጓዴ ታሪክ። አንባቢው ለምዶታል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኛል። አሁን ወደ ዲዊ፣ መጻሕፍትን በይዘታቸው ቁጥር እየሰጠ ወደሚለየው አሠራር፣ ቀይሪ ተባልኩ። ታሪኩስ ቀላል ነው፣ የኢትዮጵያው 963 ላይ ይገባል። የአማርኛ ልብ ወለዱን ግን 892.87 ብዬ ብለጥፍበት መደርደሪያው ሙሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ሆነ! ከሥሩ የደራሲውን ፊደል ልጨምር ስል ደግሞ ሶፍትዌሩ የአባት ስም ያስቀድማል። እኛ አገር ከበደን በአባቱ ስም ማን ይፈልገዋል? ቅደም ተከተሉስ በሀ ሁ ይሁን በላቲን? ቀዩን ወረቀት ሳያነሳ ሁለቱን ያስማማ ሰው ካለ፣ እንዴት እንዳደረገው ይንገረኝ።